ኦስሎና ሜልቦርን ጎረቤት የነበሩበት ዘመን

በዚህ ዕድሜዬ ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም ብዬ ነበር። ሰባን ካለፍኩ ሰነበትኩ። ኮቦ መናኸሪያ አጠገብ በአሥር ሳንቲም ሻይ የምንጠጣባት፣ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ሁለት ጣት ያህል ተኝቶ የሚቀርብባት ቤት ዛሬም አለች። በቀደም ገብቼ አንድ ሻይ ጠጣሁና ሒሳቡ ሲነገረኝ «ልጄ፣ ብርጭቆውንም ይዤ ልሂድ ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አስተናጋጇ ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። እንዲህ ያለው ድንጋጤ እንኳ ተለምዷል። ባለፈው ሐሙስ ጎብዬ ከተማ ላይ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ልቤ እስካሁን ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ይህን ስጽፍም ብዕሬን እያስቀመጥኩ «ወይ ጉድ!» እላለሁ።

ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ ማየት እንቢ ካለኝ ወዲህ ሥራውን ትቻለሁ፤ የድሮ ደንበኞቼ ግን አልተዉኝም። የጎብዬው ወዳጄ ልጁን ሊድር ነው። ሌላዋ ልጁ ሠናይት ለእህቷ ሠርግ ከውጭ መጥታ ለአባቷ ሙሉ ልብስ አምጥታለታለች። ጨርቁ መልካም ነው፤ እኔ በሠራሁበት ዘመን እንዲህ ያለ ሱፍ ቢያጋጥመኝ ኖሮ ሳልቆርጠው አቅፌው አድር ነበር። ሱሪው ግን እሱንና አንድ ሚዜ ያስገባል። «ሞላ ካልሆነ ሌላ ሰው አይነካውም» ብሎ አስጠራኝና ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሄድኩ። ወገቡን እየለካሁ ከልጅቱ ጋር ወሬ ያዝን። የምትኖረው ሜልቦርን መሆኑን ስትነግረኝ እጄ ቀጥ አለ። የታላቅ እህቴ የፈንታዬ ልጅ ዝናሽ እዚያው ናት አልኳት።

«የኮቦዋ ዝናሽ? ረዘም ያለችዋ? ጋሼ፣ እኔ እኮ አንድ ሆስፒታል ነው አብሬያት የምሠራው!» ብላ ሠናይት ተነሥታ እንደገና ሳመችኝ።

እንዲህ ያለ የቅርብ ሰው ከተገኘማ ብዬ የሆዴን ዘረገፍኩ። «እንግዲያ ያን ወንድሟን ምከሪልኝ። ሲሳይን። ኦስሎ ነው ያለው። ስትመለሺ ጎራ በይና፣ አጎትህ ሞላ ‹እናትህን ታረቅ› ብሎሃል በይው።»

ልጅቱ አባቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። «ኦስሎ? ጋሼ፣ በምን መንገድ ነው ጎራ የምለው?»

የእህቴን ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ይኖርብኛል። ፈንታዬ ያሏት ልጆች ሁለት ናቸው፤ ሲሳይና ዝናሽ። በእኛ አገር ሰው አፍ «ውጭ» የሚባል አንድ ቦታ አለ። እገሌ ውጭ ነው፣ እገሊትም ውጭ ናት ይባላል። ሁለቱም ውጭ ከሆኑ ምን ያራርቃቸዋል? ፈንታዬ በርበሬና ቋንጣ ባገኘችው መንገደኛ የምትልከው ለአንደኛቸው ነው፤ «ለወንድምሽም አካፍይው» ብላ። ልጆቹም «እሺ እማዬ፣ ወስጄለታለሁ» ይሏታል። እሷ ደስ ይላታል። ሰው «ልጆችሽ እንዴት ናቸው?» ካላት መልሷ አንድ ነው፦ «እነሱ ምን አለባቸው፣ አንዱ ላንዱ አለው።» ከጥቂት ዓመታት በፊት የዝናሽ ባል በድንገት ሞተ። እኛም ኮቦ ላይ ድንኳን ተከልን፣ አለቀስን። ቆይቶ የቀብሩ ቪዲዮ በስልክ መጣ፤ ፈንታዬ ከለቀስተኛው መካከል ልጇን ፈለገችው። ደጋግማ አስከፍታ ፈለገችው። ሲሳይ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩን አንሥታለት አታውቅም። ሲደውል ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጠዋለች። እዚህ ራያ ምድር ደም የተቃባ ሰው እንኳ በሽማግሌ ይታረቃል፤ ለቅሶ የቀረ ሰው ግን ምን ብሎ ይታረቃል? እኔ በየፋሲካው እለምናታለሁ። «ሥራ ያዘኝ አለኝ እኮ» ስላት «ለለቅሶ ሥራ የሚባል የለም!» ትለኛለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ እወጣለሁ፤ በልቤ ግን በእሷ ልፍረድ ወይስ በልጇ አላውቅም ነበር።

ሠናይት ስልኳን አወጣችና ካርታ ዘረጋችልኝ። ኦስሎ ከላይ ጫፍ፣ በረዶው ዘንድ ናት። ሜልቦርንን ለማየት ጣቷን ወደታች ስትገፋ፣ ስትገፋ፣ ባሕር ሲያልቅ ሌላ ባሕር ሲመጣ፣ እኔ መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ። «ወደ አሥራ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው» አለችኝ። «በአውሮፕላን?» አልኳት፤ አውሮፕላን ያሳጥረው ይመስል። «በአውሮፕላን ነው እንጂ! ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ። መሃል ላይ ወርደው ይቀይራሉ፤ መጠበቁ ሲታከልበት ከዚያም ያልፋል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተኛል።» ከኮቦ አዲስ አበባ ያለውን ጠየቅኳት። አምስት መቶ ምናምን አለች። በሐሳቤ ኮቦና አዲስ አበባን ጫፍ ለጫፍ ቀጣጠልኳቸው፤ ሠላሳ ጊዜ ሊጠጋ ነው። ከአዲስ አበባ ኦስሎ የሚሄደው አውሮፕላን ደግሞ የእኛ አውቶቡስ ከኮቦ አዲስ አበባ ለመግባት ከሚፈጅበት ጊዜ ባነሰ ይደርሳል አለችኝ። ይህ ሌላ ድንጋጤ ነው። እንግዲህ ለሲሳይ ከእህቱ ይልቅ እኛ እንቀርበዋለን! ለዝናሽም ከወንድሟ ይልቅ እኛ!

«ታዲያ ወሰድኩለት፣ አየሁት የሚሉት?»

ሠናይት አቀረቀረች። «እናታቸው ብቻችሁን ናችሁ ብላ እንዳትሳቀቅ ነው፣ ጋሼ። ዝናሽ ነግራኛለች። አንዴ ተናግረውት መመለሻ አጡ። ሲሳይ ለቅሶውን አልቀረም። እኔም እዚያ ነበርኩ። ዝናሽ ስልኩን ከአጠገቧ ወንበር ላይ አቁማለት ነበር። ሰው ገብቶ እስኪወጣ፣ ቄሱ ጸልየው እስኪጨርሱ፣ እሱ እዚያ ስልኩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነጠላ አደግድጎ ያለቅስ ነበር። ሰው ወንበሩን ሊቀመጥበት ሲል ‹ወንድሜ አለበት› ትል ነበር።»

ሱሪውን እንዴት እንደለካሁት አላውቅም። ወዳጄ «ሞላ፣ መርፌው እየወጋኝ ነው» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ምሳም አልቀመስኩም፤ ሚኒባስ ይዤ ወደ ኮቦ ተመለስኩ። በሮቢት በኩል ሜዳውን እያቋረጥን፣ ግራና ቀኝ ማሽላው አናቱን እየነቀነቀ፣ ረዳቱ የበሩን ጉበን እየደበደበ፣ እኔ ግን የተሳፈርኩት ሌላ መኪና ላይ ነበር፤ የዛሬ ስንት ዓመቱ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ ከእህል ጆንያ በላይ፣ ወደ አሰብ።

ያኔ ፈንታዬ አሰብ ነበረች። ባሏ ወደብ ላይ ጭነት ያወርድ ነበር። ዝናሽን ስትወልድ እናታችን ቅል ሙሉ ቅቤ፣ የገንፎ ዱቄትና በሶ አሸክማ ላከችኝ። ስፌት ገና መማሬ ነው። በራሴ እጅ የሰፋሁትን ቴትሮን ቦላሌ ለብሻለሁ፤ እግሩ ስፋቱ አንድ ሕፃን ይደብቃል። ከላይ ናይለን ሸሚዝ፣ ከታች ኮንጎ የላስቲክ ጫማ። ፀጉሬን ደግሞ እንደዘመኑ ጎፈሬ አድርጌዋለሁ። በወልዲያ፣ በደሴ፣ በባቲ አድርገን ወደ አፋር ስንወርድ ሙቀቱ ከታች እንደ ምድጃ ይመጣ ጀመር። ቅቤው ሚሌ ስንደርስ ዘይት ሆነ፤ ሠርዶ ላይ ሻይ ለመጠጣት ስንወርድ ከቅሉ እየተንጠባጠበ ያን ቦላሌዬን አበላሸው። ሾፌራችን የሱዳን ዘፈን በአፍንጫው ያዜማል፤ ቃሉን አያውቀውም፣ ግን ዜማው ሲያልቅበት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጥሩ መኪና ከሆነ ሦስት ቀን ነው፤ ከተበላሸ እግዜር ያውቃል። «መቼ ትደርሳለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። የሚጠየቀው «ደረሰ ወይ?» ነው፤ እሱም ከወር በኋላ።

አሰብ ስገባ አድራሻ አልያዝኩም። ማን ይይዛል? ወደቡ በር ላይ ያገኘሁትን ተሸካሚ «የኮቦ ሰዎች ወዴት ናቸው?» አልኩት። ጎፈሬዬንና ቅሌን አይቶ ሳቀና መራኝ። ከሳንቃና ከቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች ተደርድረዋል። መግቢያው ማዕዘን ላይ የዋጃ ሴት ሻይ ቤት አላት፤ ሬዲዮኗ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ወንዱ ሁሉ ሽርጥ አገልድሞ ደጅ ተቀምጧል። ከእሷ ቀጥሎ የኮቦ ሰዎች፣ ከኮቦ ቀጥሎ የሮቢት፣ ከሮቢት ቀጥሎ የጎብዬ። ከኮቦ በስተሰሜን ያለችውን ዋጃን በስተደቡብ ካሉት ከሮቢትና ከጎብዬ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው መንገዱን ሁሉ አጥፈው ይዘውት ሄደዋል! ከጎብዬ ዋጃ በእግር ስንት የሚያስኬደው አገር፣ እዚያ አንድ እሳት የሚጫጫሩበት ደጃፍ ሆኗል። ዓሣ በስሙኒ ይገዛ ነበር፤ እኔ ሽታው አንገሽግሾኝ አንድ ሳምንት በበሶ ኖርኩ፤ ኮንጎ ጫማዬም በአስፋልቱ ሙቀት ቀልጦ የእግሬን ጣቶች መልክ ያዘ። ፈንታዬ በዚያ ሁሉ ሙቀት ትስቅ ነበር። «ምን ቸገረኝ፣ ወንድም ዓለም፣ አገሬ ደጃፌ ላይ ነው» ትለኛለች።

በኋላ ባሏ ታሞ እዚያው ሲሞትባት እኔም መርዶው በጭነት መኪና ደርሶኝ ሄጄ ነበር። ቀብሩ ካለፈ ሰንብቷል፤ ከደጃፏ ግን ሰው አልጠፋም። ሴቶቹ በየተራ ያበስላሉ፣ ወንዶቹ በርሜል ውሃ እያንከባለሉ ያመጣሉ። ጨው ማምረቻ የሚሠራ አንድ የአላማጣ ሰው ነበር፤ ሩቅ ነው የሚኖረው፤ ከሥራ ሲወጣ እግሩ ላይ የደረቀውን ጨው እንኳ ሳይታጠብ፣ በየዕለቱ እየመጣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። አይናገርም። ሲመሽ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ይሄዳል። ፈንታዬ ያን ሰው እስከዛሬ ታነሣዋለች። ከዚያ የዘመኑ ነገር ተገለባበጠ፤ ሁሉም አሰብን ለቀቀ። እሷም ሁለት ልጆቿንና አንድ ቴርሞስ ይዛ ኮቦ ገባች።

ሚኒባሱ ውስጥ ይህ ነው ድንገት ብልጭ ያለብኝ። እህቴ ከአሰብ ሌላ ሩቅ አገር አታውቅም። ልጆቿን ቦሌ ድረስ ሄዳ ስትሸኛቸው የሸኘቻቸው ወደዚያች ሰፈር ነው። ኦስሎና ሜልቦርን በእሷ ዘንድ የኮቦና የሮቢት ሰዎች ቤት ናቸው፤ መካከላቸው አንድ ሻይ ቤት ቢኖር ነው። እኔስ ብሆን? ራዲዮ የምሰማ፣ ጋዜጣ የማነብ ሰው፣ ሁለቱን ከተሞች በተናጠል ሩቅ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ ብዬ ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። ዓለም ጠበበች ሲሉን አምነን ተቀምጠን፣ ለካ እኛው ሳናውቀው ልጆቻችንን በሁለት ጫፏ በትነናቸዋል!

ኮቦ ወርጄ ቤቴ አልገባሁም። መናኸሪያው ጥግ ቆሜ አሰብኩ። ብነግራት ልጇን ትታረቃለች። ብነግራት ደግሞ፣ እነዚያ ሁለት ልጆች ስንት ዓመት ሲጠብቁላት የኖሩት እንቅልፏ ይሄዳል። አሥር ጊዜ ወደ ቤቴ ዞርኩ፤ ወዲያው ያ ስልኩን ገልብጣ የምታስቀምጥበት እጇ ትዝ ይለኛል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ብዬ ወደ እሷ ሄድኩ።

ግቢዋ ውስጥ ጥላው ሥር ማሽላ ትለቅማለች። «ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መስሏል» አለችኝ።

«እትዬ፣ ሲሳይና ዝናሽ ጎረቤት አይደሉም።»

«ሰፈር ቀየሩ?»

መሳቅም ማልቀስም መጣብኝ። «ሰፈር አይደለም። አሰብ የሄድንበት መንገድ ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት ይረሳል!»

«እሱን አሥር ጊዜ ሄደሽ አሥር ጊዜ ብትመለሺ፣ ከአንዱ ቤት ተነሥተሽ ከሌላው አትደርሺም። በአውሮፕላን እንኳ ቀንና ሌሊት ነው። ከወጡ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ወሰድኩለት የሚሉሽ አንቺን እንዳይከፋሽ ነው።»

ሰፌዱ ላይ ያለው እጇ ቆመ። መጀመሪያ ፊቷ ፈካ አለ፤ አየሁት። «እንግዲያ ልጄ አልቀረም! አልደረሰም እንጂ አልቀረም» አለች። እኔም ተነፈስኩ። ተገላገልኩ አልኩ። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ሲጠቁር አየሁ። በዕድሜዬ ሰው ሲደነግጥ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን አላየሁም።

«እንግዲያ ዝናሽን ማን ያዛት?» አለችኝ። «ሞላ፣ ያን ቀን ልጄን ማን ያዛት?»

ስለ ወንበሩ ነገርኳት። ሠናይትም ሌሎችም አጠገቧ እንደነበሩ፣ ሲሳይም ነጠላ አደግድጎ ስልኩ ውስጥ ሆኖ እስከ መጨረሻው እንዳለቀሰ ነገርኳት። «ወንበር ላይ» አለች። «ወይኔ ልጆቼን! ወንበር ላይ!» ሰፌዱን ገፋ አድርጋ ደረቷን ያዘች። ውሃ ሰጠኋት፤ አልጠጣችም። እኔም ፈራሁ፤ በዚህ ዕድሜዋ ምን አደረግኳት ብዬ። ከመንገዱ የባጃጅ ጡሩንባ ይሰማል። ኋላ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና «ደውልልኝ» አለች።

«ለዝናሽ?»

«ለእሱ።»

በእሷው ስልክ ደወልኩ። አንዴ ሳይጮኽ ነው ያነሳው። «እማዬ?» አለ። «እማዬ፣ ምን ሆናችሁ? ደህና ናችሁ?» ስልኩን ለሁለታችንም እንዲሰማ ድምፁን ከፍቼ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ያዘችው።

«ደህና ነን ልጄ። ደህና ነን፣ አብሽር። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው። ሲሳይ፣ ቢያምህ ውሃ የሚያቀብልህ ማን አለህ?»

ትንፋሹ ይሰማኛል። እኔ እጄን አወዛወዝኩላት፤ እንደምታውቅ ንገሪው፣ ይገላገል ብዬ።

«አለኝ እንጂ፣ እማዬ!» አለ ሳቅ ለመጨመር እየታገለ። «ዝናሽ አለችልኝ አይደል? ቅርብ ናት እኮ። በእግር ነው የምሄደው።»

ፈንታዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ጥላ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ሞልቷል። ነጠላውን ዝቅ አደረገች፤ ድምፅዋ ግን ምንም ያልነካው ነበር።

«ተመስገን» አለችው። «እንግዲያ ማታ ስትሄድ ሳምልኝ።»